ደካማ ከሆነ ለምን እኩል ቤዝ ጨረሰ?

ጥያቄው ከአንዲት የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ላብ ውስጥ 25 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር (በሊትር 0.1 ሞል) ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቲትሬት አደረግን፣ ማለትም አሲዱ እስኪያልቅ ቤዙን ጠብታ በጠብታ እየጨመርን ለካን። 25 ሚሊ ጨረሰ። ቀጥለን ያንኑ ያህል አሴቲክ አሲድ ሠራን፣ እሱም 25 ሚሊ ጨረሰ። አሴቲክ አሲድ ደካማ ነው፣ ከመቶ አንዱ ብቻ ነው አዮን የሚሆነው ተብለን ተምረናል። ታዲያ ለምን እኩል ቤዝ ፈለገ? ከቡድናችን አንዱ ልጅ ደግሞ ማለቁን በቀለም ከሚያሳዩት ኢንዲኬተሮች በፊኖልፍታሊን ፈንታ ሜቲል ኦሬንጅ ጨምሮ 8 ሚሊ አካባቢ ቢጫ ሆነልኝ ብሎ አቆመ። ውጤቱን ጣልነው። እሱ ግን ‹አሲዱ ደካማ ስለሆነ ትክክሉ የኔ ነው› ይላል። ደግሞስ ኬኤ አሲዱ ሲቀጥን ይቀየራል? ሃይድሮፍሎሪክ አሲድም ደካማ ከሆነ ለምን እንደዚያ ይፈራል?»

ልጁ ተሳስቷል። እናንተም ውጤቱን በመጣላችሁ ተሳስታችኋል። ወደዚያ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ። ጥያቄዎቹ አራት ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ ኬኤ የማያውቀውን ነገር እንዲመሰክር እየጠራችሁት ነው።

ኬኤ የሚነግርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። አሲዱ ውሃ ውስጥ ሲገባ ፕሮቶኑን፣ ማለትም ሃይድሮጂን አዮኑን፣ ለመልቀቅ ምን ያህል ይቀለዋል? በቃ። ፍላስኩ ውስጥ ስንት አሲድ እንዳለ አይነግርሽም። እጅሽን ያቃጥል አያቃጥል አይነግርሽም። ከብረት ጋር በምን ፍጥነት እንደሚሠራም አይነግርሽም። ስሌቱም ቀላል ነው፤ አሲዱ ሲለያይ የሚወጡትን የሁለቱን አዮኖች ኮንሰንትሬሽን ታባዢያለሽ፣ ሳይለያይ ለቀረው አሲድ ታካፍያለሽ። ለአሴቲክ አሲድ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1.8 × 10⁻⁵ ይመጣል። ሎጋሪዝሙን ወስደሽ ምልክቱን ስትገለብጪው ፒኬኤ ይሆናል፣ 4.76 አካባቢ። ፒኬኤ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይጠነክራል። ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህች ግልባጭ ላይ ነው።

የቋንቋ ጣጣም አለበት። «ጠንካራ አሲድ» ስንል ጆሯችን የሚሰማው ወፍራም፣ ያልተበረዘ አሲድ ነው። ቡና ላይ አስቢው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ የሚቀጥነው ኮንሰንትሬሽን ነው። ቡናው ግን ያው ቡና ነው። ስለዚህ የቀጠነ ጠንካራ አሲድ አለ፣ የወፈረ ደካማ አሲድም አለ። ምሳሌ ልስጥሽ። ኩሽና ያለው አቼቶ 5 በመቶ ገደማ አሴቲክ አሲድ ነው፣ ወደ 0.87 ሞላር። ፒኤቹ፣ ማለትም የተለቀቁት ሃይድሮጂን አዮኖች መለኪያ (ባነሰ ቁጥር አዮኑ ይበዛል)፣ 2.4 አካባቢ ይወጣል። ያንኑ ፒኤች ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለማግኘት 0.004 ሞላር ይበቃሻል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ፒኤች ሜትር ብትነክሪባቸው መለየት አትችይም። ቤዝ ብትጨምሪባቸው ግን አቼቶው ከ200 እጥፍ በላይ ይጠጣል።

ይኸው ወደ ዋናው ጥያቄሽ ገባን። ሁለት ሴቶች ገበያ ወጡ እንበል። ሁለቱም መቶ መቶ ብር አላቸው። አንደኛዋ መቶውን በእጇ ይዛዋለች። ሁለተኛዋ አንድ ብር በእጇ ይዛ ዘጠና ዘጠኙን መቀነቷ ላይ ቋጥራለች። ከሩቅ ያያት ሰው ሁለተኛዋን ምንም የላት ይላል። ፒኤች ሜትር እንደዚህ ሰውዬ ነው፣ እጅ ላይ ያለውን ብቻ ያያል። ለዚህ ነው 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹ 1 ሆኖ፣ 0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድ ደግሞ 2.9 ገደማ የሚሆነው። አሁን አበዳሪ መጣ እንበል። እጇ ላይ ያለችውን አንድ ብር ይወስዳል። ከመቀነቷ ትፈታለች፣ እሷንም ይወስዳል፣ ደግሞ ትፈታለች፣ እንዲህ እያለ መቶው እስኪያልቅ አይለቃትም። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያ አበዳሪ ነው። የሚቆጥረው ጠቅላላውን ሀብት ነው እንጂ እጅ ላይ ያለውን አይደለም። ሁለቱም ፍላስክ ውስጥ 2.5 ሚሊሞል አሲድ ነበረ፣ ሁለቱም 2.5 ሚሊሞል ቤዝ ጨረሱ።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል፣ እሱንም ልንገርሽ። ሞለኪውሎቹ ቋጥረው አይቀመጡም። ሁሉም ያለማቋረጥ ፕሮቶን እየለቀቁ፣ መልሰው እየያዙ ነው። «ከመቶ አንዱ» ማለት በአንድ ቅጽበት ፎቶ ብታነሺ የምታገኚው ነው እንጂ፣ የተመረጡ አንድ በመቶ ሞለኪውሎች አሉ ማለት አይደለም። የመልቀቅ የመያዙ ፍጥነት በጣም ትልቅ ስለሆነም ቲትሬሽን ላይ ጠብታ ጨምረሽ ደካማው አሲድ «እስኪፈታ» መጠበቅ አያስፈልግሽም።

ሁለተኛው ስህተት ያችው «ከመቶ አንዱ» የምትባል ቁጥር ናት። ማኑዋሉ ላይ ተጽፋ ይሆናል፣ እኔም ተማሪ እያለሁ እንደ ጸሎት ነበር የሸመደድኳት። እውነት የምትሆነው ግን ለ0.1 ሞላር ብቻ ነው። እዚያ 1.3 በመቶ ይወጣል። አቼቶው ውስጥ፣ ማለትም 0.87 ሞላር ላይ፣ ግማሽ በመቶ እንኳን አይሞላም። ወደ 0.001 ሞላር አቅጥኚው፣ 12.5 በመቶው ይለያያል። ያው አሲድ ነው፣ ያው ኬኤ ነው። የተቀየረው መቶኛው ነው። ይህን በቀመር ያስቀመጠው ኬሚስቱ ቪልሄልም ኦስትቫልድ ነው፣ በ1888። መነሻ የሆነውን ሐሳብ፣ ማለትም ጨውና አሲድ ውሃ ውስጥ ወደ አዮን ይለያያሉ የሚለውን፣ ስዊድናዊው ኬሚስት አሬኒየስ በ1884 ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ላይ ለዶክትሬቱ ሲያቀርብ ዝቅተኛ ውጤት ነበር የሰጡት። በ1903 ግን በዚያው ሥራ ኖቤል ወሰደ። ላብ ሪፖርትሽ ላይ ቀይ እስኪብርቶ ሲበዛብሽ አስታውሺው።

እና መልሱ፦ ኬኤ ሲቀጥን አይቀየርም። የሚቀይረው ሙቀትና አሟሚው ፈሳሽ ነው። ሙቀቱም ቢሆን ለአሴቲክ አሲድ ብዙ አይደለም፣ ከ0 እስከ 60 ዲግሪ ፒኬኤው 4.8 አካባቢ ይዋልላል። የሚገርመው ውሃው ራሱ ነው። 25 ዲግሪ ላይ ገለልተኛ ውሃ ፒኤቹ 7 ነው፣ 60 ዲግሪ ላይ ወደ 6.5 ይወርዳል፣ እና አሁንም ገለልተኛ ነው። «ከ7 በታች አሲድ ነው» የሚለው ሕግ ቴርሞሜትር ሳያዩ የሚጠቀሙበት ሕግ አይደለም።

ስሌቱ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ኬኤን በኮንሰንትሬሽን አባዝቶ ስኩዌር ሩት መውሰድ የሚሠራው የተለያየው መጠን ከ5 በመቶ ሲያንስ ነው። 0.001 ሞላር ላይ በዚህ አቋራጭ ብትሄጂ 13.4 በመቶ ይሰጥሻል። ትክክለኛው፣ ኳድራቲኩን ስትፈቺ፣ 12.5 ነው። ሲብስ ደግሞ፣ 10⁻⁸ ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹ ስንት ነው ተብሎ ይጠየቃል፣ ተማሪውም 8 ብሎ ይጽፋል። አሲድ ጨምረሽ ውሃውን ቤዝ አደረግሽው ማለት ነው? ውሃው የራሱን 10⁻⁷ ይዞ ቁጭ ብሏል እኮ። መልሱ 6.98 ነው።

አሁን ለምን አንዱ ደካማ፣ አንዱ ጠንካራ እንደሆነ። ዋናው ጥያቄ ፕሮቶኑ ከሄደ በኋላ የሚቀረው አዮን ምን ያህል ይመቸዋል የሚለው ነው። አልኮልን ውሰጂ፣ ኢታኖልን። ፕሮቶኑ ልክ እንደ አሴቲክ አሲድ ኦክሲጅን ላይ ነው የተንጠለጠለው። ፒኬኤው ግን 16 ገደማ ነው። ከአሴቲክ አሲድ ጋር ያለው ልዩነት 11 ነው፣ ይህም በሎጋሪዝም ቋንቋ መቶ ቢሊዮን እጥፍ ማለት ነው። ምክንያቱ ፕሮቶኑ ሲለቅ የሚቀረው ኔጌቲቭ ቻርጅ አልኮሉ ላይ አንድ ኦክሲጅን ላይ ተከምሮ ይቀራል፣ አሴቴት ላይ ግን ሁለት ኦክሲጅኖች ይከፋፈሉታል። ሸክም ለሁለት ሲሆን ይቀላል። ከዚያ አጠገብ ኤሌክትሮን ሳቢ ብታስቀምጪ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ከአሴቲክ አሲድ አንድ ሃይድሮጂን አውጥተሽ ክሎሪን ብትተኪበት ፒኬኤው 2.87 ይሆናል፣ ወደ 80 እጥፍ ጠነከረ ማለት ነው። ሦስቱንም በክሎሪን ብትተኪ ወደ 0.7 ይወርዳል።

ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ላይ ታሪኩ ሌላ ነው። እዚያ ትልቁ ነገር ማሰሪያው ነው። የሃይድሮጂንና የፍሎሪን ቦንድ ለመበጠስ በሞል 570 ኪሎጁል ገደማ ይፈልጋል፣ የሃይድሮጂንና የክሎሪን 431 ነው፣ የሃይድሮጂንና የአዮዲን ከ300 በታች። ስለዚህ በፔሪዮዲክ ሠንጠረዡ ላይ ከፍሎሪን ወደ ታች በወረድሽ ቁጥር አሲዱ ይጠነክራል፣ ፍሎሪኑ ደግሞ ከቤተሰቡ ደካማው ይሆናል፤ ፒኬኤው 3.2 አካባቢ ነው። ከአቼቶ አሲድ ብዙም አይርቅም።

ግን ብርጭቆ ይበላል። ሰውም ይገድላል። «ደካማ» የሚለው ቃል ሰው የሚያስጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ብርጭቆውን የሚበላው ፕሮቶኑ አይደለም፣ ፍሎሪኑ ከሲሊከን ጋር ያለው ፍቅር ነው። ለዚህ ነው በፕላስቲክ ዕቃ የሚቀመጠው። ሰውነት ላይ ደግሞ ደካማነቱ ራሱ ነው ጉዳቱን የሚያብሰው። አብዛኛው ሳይለያይ፣ ቻርጅ የሌለው ሞለኪውል ሆኖ ስለሚቆይ ቆዳን ሰንጥቆ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ውስጥ ገብቶ የሚለቀው ፍሎራይድ ካልሲየምና ማግኒዚየምን ይይዛል፣ የደም ካልሲየም ሲወርድ ልብ ይቆማል። የቀጠነው በተለይ ተንኮለኛ ነው፣ ሲነካሽ ላያምሽ ይችላል፣ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ይመጣል። ዝገት ማስለቀቂያና የመኪና ቸርኬ ማጽጃ ተብለው ከሚሸጡ ፈሳሾች አንዳንዶቹ ውስጥ ይገኛል፣ ስለዚህ የዕቃውን ጽሑፍ ሳታነቢ እጅሽ ላይ አታፍስሺ። ከነካሽ ወዲያው በብዙ ውሃ መታጠብና፣ ባያምሽም፣ ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። እዚያ የሚሰጠው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው። «ደካማ አሲድ ነው» ብሎ የሚያረጋጋሽ ሰው ካጋጠመሽ አትስሚው።

የተገላቢጦሹም አለ። ካርቦሬን አሲድ የሚባል ቤተሰብ አለ፣ ካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ ውስጥ ክሪስቶፈር ሪድና ባልደረቦቹ በ2004 ያስተዋወቁት አባሉ ከወፍራም ሰልፈሪክ አሲድ ቢያንስ አንድ ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል። ብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ግን በሰላም ይቀመጣል። ፕሮቶኑን ለመስጠት የሚቸኩል ነው፣ የሚቀረው አዮን ግን ከማንም ጋር የማይጣላ ገራም ነው። ጥንካሬና አውዳሚነት ሁለት የተለያዩ ጠባዮች መሆናቸውን ከነዚህ ሁለቱ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

ስለ ጉዳት ካነሳን ኩሽናውን ሳልነካ አላልፍም። በረኪና ውስጥ ያለው ሃይፖክሎራይት የአንድ ደካማ አሲድ አዮን ነው፣ የሃይፖክሎረስ አሲድ። ፒኬኤው 7.5 ነው። በረኪናው በጣም ቤዝ ስለሆነ ጠርሙሱ ውስጥ ሁሉም አዮን ሆኖ ተኝቷል። አቼቶ ወይም ሎሚ ስትጨምሪበት ፒኤቹ ይወርዳል፣ አዮኑ ፕሮቶን ይይዛል፣ ከዚያም አብሮት ካለው ክሎራይድ ጋር ተጋጭቶ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። «ሁለቱም ያጸዳሉ፣ ሲደባለቁ የበለጠ ያጸዳሉ» የሚል ምክር ሲዘዋወር አያለሁ። ሳንባ ነው የሚያጸዳው። አትደባልቂ።

ሌላ በየደብተሩ የማየው ስህተት አለ፣ አንቺ አልጠየቅሽም እንጂ መምጣቱ አይቀርም። «የደካማ አሲድ ኮንጁጌት ቤዝ (ፕሮቶኑ ከሄደ በኋላ የሚቀረው አዮን) ጠንካራ ቤዝ ነው።» አይደለም። የአሲዱ ኬኤ ሲባዛ በቤዙ ኬቢ (ለቤዝ የኬኤ አቻ በሆነው) 10⁻¹⁴ ይመጣል፣ ስለዚህ የአሴቴት ኬቢ 5.6 × 10⁻¹⁰ ነው። ከአሞኒያ እንኳን ወደ 32 ሺህ እጥፍ ያንሳል፣ አሞኒያ ራሱ ደካማ ቤዝ ሆኖ ሳለ። ትክክለኛው አባባል «አሲዱ ደካማ በሆነ ቁጥር ቤዙ ከበፊቱ ይሻላል» ነው። ደካማ አሲድና ደካማ ቤዝ ጥንድ ሆነው መኖር ይችላሉ፣ አብዛኞቹም እንደዚያው ናቸው። በነገራችን ላይ የአሞኒያ ኬቢ 1.8 × 10⁻⁵ ነው፣ ልክ እንደ አሴቲክ አሲድ ኬኤ። ይህ ግጥምጥሞሽ ነው፣ ትርጉም አትፈልጊበት።

የጠንካሮቹን ዝርዝር በተመለከተም አንድ ነገር። ሃይድሮክሎሪክ፣ ናይትሪክና ፐርክሎሪክ አሲድ ውሃ ውስጥ እኩል ጠንካራ የሚመስሉት እኩል ስለሆኑ አይደለም። ውሃ ራሱ ፕሮቶናቸውን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ስለሚወስድ ልዩነታቸው አይታይም። ሦስት ጎረምሶች ላባ ቢያነሱ ማን እንደሚበልጥ አይታወቅም፣ ኩንታል ሲያነሱ ነው የሚለየው። ውሃው ላባ ነው። ንጹሕ አሴቲክ አሲድ እንደ አሟሚ ስትጠቀሚ ደረጃቸው ይለያል። ሰልፈሪክ አሲድ ደግሞ የመጀመሪያ ፕሮቶኑን እንጂ ሁለተኛውን በነጻ አይሰጥም። 0.1 ሞላሩ የሚሰጥሽ 0.2 ሳይሆን 0.11 ሞላር ገደማ ሃይድሮጂን አዮን ነው። ቲትሬሽን ላይ ግን ሁለቱንም ይከፍላል። ለምን እንደሆነ አሁን ታውቂዋለሽ።

ወደ ኢንዲኬተሩ ልግባ። ኢንዲኬተር ቲትሬሽኑ ማለቁን አያውቅም። ፒኤች አንድ ቦታ ሲደርስ ቀለም ይቀይራል፣ በቃ። አሴቲክ አሲድሽ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ፍላስኩ ውስጥ የሚቀረው ሶዲየም አሴቴት ነው። አሴቴት ቀላል ቤዝ ስለሆነ ፒኤቹ 7 ላይ ሳይሆን 8.7 ላይ ይገኛል። ፊኖልፍታሊን ከ8.2 ጀምሮ ነው ሮዝ የሚሆነው። ልኩ ነው። ሜቲል ኦሬንጅ ግን ከ3.1 እስከ 4.4 ድረስ ቀይሮ ይጨርሳል። ጠንካራ አሲድ ላይ ይህ ችግር የለውም፣ ምክንያቱም መጨረሻው ላይ ፒኤቹ በአንድ ሁለት ጠብታ ከ4 ወደ 10 ይዘላል፣ ከሁለቱ የትኛውም ኢንዲኬተር እዚያው አካባቢ ይቀይራል። ደካማው ላይ ግን 4.4 የሚደርሰው ገና ሲሶ መንገድ ሲሄድ ነው። ልጁ ያየውንም መገመት እችላለሁ። ቁርጥ ያለ ለውጥ አልነበረም። ቀዩ ቀስ እያለ ብርቱካናማ፣ ቀስ እያለ ቢጫ፣ «አሁን ነው ወይስ ገና» እያሰኘ። ኢንዲኬተር እንደዚህ ሲያንገራግር ካየሽ የተሳሳተ ኢንዲኬተር ይዘሻል።

እና ምክሬ ይህ ነው፣ ሳላወላውል። ደካማ አሲድ በጠንካራ ቤዝ ስትሠሪ ፊኖልፍታሊን ተጠቀሚ። ከሌለ ተበደሪ፣ ባለው አትሥሪ። ሮዟ ሰላሳ ሴኮንድ ያህል ከቆየች አቁሚ። ከዚያ በኋላ ብትጠፋ አትደንግጪ፣ ከአየር የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ያደበዘዛት፣ ጠብታ እየጨመርሽ አታሳድጃት። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱም በጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ነው ብለሽ አትመኚው፣ ከአየር እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል። በዚያው ቀን በፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት፣ መጠኑን በሚዛን በትክክል በምታውቂው ንጹሕ አሲድ፣ ልኪው። ፒኤች ሜትር ካላችሁ ደግሞ በ4 እና በ7 በፈር (ፒኤቹ አስቀድሞ በታወቀ ፈሳሽ) አስተካክላችሁ አሴቲክ አሲዱን እንደገና ሥሩት፣ 12.5 ሚሊ ላይ ስትደርሱ አቁማችሁ ቁጥሩን አንብቡ። ግማሹ አሲድ፣ ግማሹ አሴቴት የሆነበት ቦታ ነው፣ እዚያ ላይ ፒኤቹ ራሱ ፒኬኤው ነው። 4.7 ወይም 4.8 ታያላችሁ። ልክ 4.76 ካልሆነ ሜትሩ ተበላሽቷል አትበሉ፣ የመጽሐፉ ቁጥር በጣም ለቀጠነ ፈሳሽ ነው፣ የእናንተ ፍላስክ ጨው አለበት።

የልጁን ውጤት ደግሞ ከጣላችሁበት አንሱት። እሱ 8 ሚሊ ሲጨምር ከ25ቱ 8 እጅ አሴቴት ሆኗል፣ 17 እጅ አሲድ ቀርቷል። ቢጫ የሆነው ፒኤቹ 4.4 ሲደርስ ነው። 8 ለ17 ሲካፈል 0.47 ነው፣ ሎጋሪዝሙ ኔጌቲቭ 0.33። ከ4.4 ላይ ቀንሺው፣ ማለትም 0.33 ጨምሪበት። 4.73፣ የአሴቲክ አሲድ ፒኬኤ ማለት ነው። በዓይን ከተነበበ ቀለም ይህን ያህል መቅረቡ እኔንም አስደንቆኛል፣ ሪፖርቱ ላይ በእሱ ስም አስገቡለት።